የቆርች አጥር

በበጋ ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ ከሄዳችሁ፣ ከእንሰቱ ጓሮ ዳር ቅጠሉን አራግፎ እንደ ፍም የቀላ ዛፍ ሳታዩ አትቀሩም። ቆርች ነው። የዚህ የደጋው ዓይነት ተፈጥሯዊ አገሩ ኢትዮጵያ ብቻ ናት። የእጽዋት ሊቃውንት ግን «ኤሪትሪና ብሩሴይ» ብለው በስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስም ጠሩት። ብሩስ እኮ ከ1769 እስከ 1771 (እ.ኤ.አ.) ጎንደርንና የአባይን ምንጭ አየ እንጂ ሀዲያንና ከምባታን አልረገጠም! በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ «ቋራ» ዛፍ ሲያወራ፣ «ካራት» የሚለው የወርቅ መለኪያ ከዛፉ ፍሬ የመጣ ነው ይለናል። (ቃሉ ከግሪክ ነው፤ ወሬው ግን ያምራል።)

ገበሬው ዛፉን የሚያውቀው በሥራው ነው። ቅርንጫፉን ቆርጦ ይተክላል፣ አጥር ይሆንለታል፤ ቅጠሉ ለከብት መኖ፣ ሲረግፍ ደግሞ ለእንሰቱ ማዳበሪያ። አበባው ላይ ምንቃራቸው የቀጠነ፣ ወለላ የሚጠጡ ትንንሽ ወፎች ይጫጫሉ።

ከተማ ውስጥ አጥሩ ብሎኬት እየሆነ ነው፤ በላዩም ቡጋንቪሊያ። እሷ ደግሞ ፈረንሳዮች በ1767 ብራዚል ላይ ያገኟት ናት፤ ደማቁ ቀለሟም አበባ ሳይሆን ቅጠል ነው። ውበቷን ማን ይክዳል? እኛ ሰፈር የመጨረሻው ቆርች የተቆረጠው ለመኪና በር ነው። ወፎቹ ጠዋት ጠዋት እየመጡ ብሎኬቱ ላይ ሲያርፉ ሰነበቱ።