ቃል አልባው የዋልያስ ሸክላ

አዲስ አበባ በሰዓት እላፊ ተከርችማ በምታድርበት፣ የዘፈን ግጥምም ሁሉ ወደ ሕዝብ ጆሮ ከመድረሱ በፊት በመርማሪ ዓይን ተፈትሾ በሚያልፍበት በዚያ የጭንቅ ዘመን፣ ዋልያስ ባንድ በ1977 እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር መሪ ድምፃዊ የሌለበትን፣ ነገሩን ሁሉ ለመሣሪያዎች አደራ የሰጠውን ሸክላ አሳተመና ፈረሰኛ ፈረሱን በሚያነሣሣበት ቃል «ቼ በለው» ብሎ ሰየመው።

ቀድሞ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዘመናዊው ሙዚቃ እንደ ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስና ሀገር ፍቅር ቲያትር ባሉ የመንግሥት ተቋማት እጅ ሆኖ፣ ሸክላ የማሳተሙ ሥልጣንም ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ ወጣቱ አምሃ እሸቴ በ1969 ያን አጥር ደፍሮ በግሉ ማሳተም ጀመረ። ሙዚቀኛው ግን በምሽት ክበብ ተቀጥሮ ሲጫወት እንኳ መሣሪያው የባለ ክበቡ ንብረት ነበርና፣ የተሰናበተ ዕለት ባዶ እጁን ይወጣ ነበር። የዋልያስ ሰዎች የገዛ መሣሪያቸውን ይዘው፣ የማንም ሎሌ ሳይሆኑ ከሂልተን ሆቴል ጋር ተዋውለው መሥራታቸውን እኔ ከሁሉ አስቀድሜ አከብረዋለሁ፤ የሸክላው ነፃ መንፈስ ከዚህ የመነጨ ይመስለኛልና።

በሂልተን እንግዳው እራቱን ሲበላ ለስለስ ያለ ቃል አልባ ዜማ፣ ሌሊቱ ሲገፋም የጭፈራ ሙዚቃ ይቀርብ ነበር፤ ሰዓት እላፊው ከደረሰ ወዲያ መውጣት ስለማይቻል ታዳሚውም ሙዚቀኛውም እስኪነጋ አብረው ያድሩ ነበር። በዚህ ረጅም ሌሊት የተፈተነው ስልት ነው ሸክላ ላይ የሰፈረው። ኃይሉ መርጊያ በኦርጋን፣ ግርማ በየነ በፒያኖ፣ ሙላቱ አስታጥቄም በእንግድነት በቫይብራፎን ተሳትፈውበታል። «ሎሚ ተራ ተራ»ን፣ «ወገኔ»ን፣ ትግርኛ ስም ያለውን «እቲ ጓል ብሌናይ»ን አዳምጦ፣ በተለይም «ሙዚቃዊ ስልት» በተባለው ድርሰት ውስጥ አጭሯ የሳክስፎን ሐረግ እየተመላለሰች ባሱን ስትጎትት የሰማ ሰው፣ በማኅሌት ከበሮና ጸናጽል ምን ያህል እንደሚናገሩ ከልጅነቱ የሚያውቅ ከሆነ፣ የቃሉ አለመኖር አያጎድልበትም።

ሸክላው ብዙም ሳይቆይ በካሴት ተጋረደ። ባንዱም በ1981 ወደ አሜሪካ ተጉዞ ሲጫወት ከቆየ በኋላ ከፊሉ ተመለሰ፣ ከፊሉ ኃይሉን ጨምሮ በዚያው ቀረ። እያደር ግን የባሕር ማዶ ሰብሳቢዎች ጥቂቱን የመጀመሪያ ቅጂ በብዙ ዋጋ ይሻሙበት ጀመር፤ በ2014ም አንድ የአሜሪካ አሳታሚ እንደገና አወጣው። በዚህ መካከል አቶ ኃይሉ ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን ታክሲ እየነዱ ይተዳደሩ ነበር፤ በአውሮፕላን ማረፊያው ተራቸውን ሲጠብቁም ትንሿን ኪቦርድ ከመኪናው የዕቃ ማስቀመጫ አውጥተው፣ በኋላው ወንበር ተቀምጠው ይለማመዱ ነበር።