የጋፋት ልጆች፦ የአንድ ትምህርት ቤት ታሪክና ጦርነት የወሰዳቸው ተማሪዎች

የንባብ ክፍል፦ ነህምያ 3፤ ኢያሱ 4፥1-7



ነህምያ ምዕራፍ 3 ላይ ስንደርስ ብዙዎቻችን ቶሎ እናልፋለን። የስም ዝርዝር ነው። እገሌ ይህን በር ሠራ፣ ከእርሱ ቀጥሎ እገሌ አደሰ እያለ ይሄዳል። ወርቅ አንጥረኛው፣ ሽቶ ቀማሚው፣ ሴቶች ልጆቹን ይዞ ለሥራ የወጣው አባት ሳይቀር ተጽፏል። በዚያ ቅጥር ላይ ድንጋይ ያቀበሉ ሰዎች በእግዚአብሔር ቃል ውስጥ ስማቸው ይገኛል ብለው አላሰቡ ይሆናል። እግዚአብሔር ግን አስጻፈው። እርሱ ሥራውን ብቻ ሳይሆን ሠራተኛውንም በስሙ የሚያውቅ አምላክ ነው። ዛሬ በዚህ ዓይን እዚሁ አጠገባችን የነበረን አንድ ትምህርት ቤት እንድንመለከት እወዳለሁ።

ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብላ ያለችው ጋፋት በታሪክ የምትታወቀው በመድፍ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል ያሉትን ትልቅ መድፍ ያሠሩባት ቦታ ናት። ይህን ልጆቻችን ሁሉ ያውቁታል። በዚያው ስፍራ ወጣቶች ንባብና ጽሕፈት፣ ከእርሱም ጋር የእጅ ሙያ ይማሩ እንደ ነበር የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከስዊዘርላንድ ነው። በባዝል ከተማ አቅራቢያ ቅዱስ ክሪሾና በሚባል ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1840 አንድ የወንጌል ማሠልጠኛ ተከፈተ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ መጽሐፍ ቅዱስን የሚያውቅ፣ በእጁም ሠርቶ የሚበላ ሰው ማሠልጠን። በዚያው ዓመት ሙሉው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ታትሞ ወጣ። የትርጉሙን ሥራ በካይሮ የደከመበት የአገራችን ሰው አባ አብርሃም ነበሩ፤ በውጭ ሰዎች ዘንድ አቡ ሩሚ ይባላሉ። ቀድሞ በጎንደር ያገለገለውና በኋላ በኢየሩሳሌም ጳጳስ የሆነው ሳሙኤል ጎባት እነዚህን ሁለቱን አገናኘ። መጽሐፉን የሚይዙ ባለሙያ ወጣቶች ወደ ኢትዮጵያ እንዲሄዱ አደረገ።

ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንዝለን፣ ኋላም ዋልድማየርና ሳልሙለር በዚህ መንገድ መጡ። ንጉሡ ከስብከታቸው ይልቅ የእጅ ሙያቸውን ፈለጉት። ይህንም በቅንነት እንይላቸው። አፄ ቴዎድሮስ የተከፋፈለች አገር አንድ ለማድረግ የተነሡ፣ በዙሪያቸው በመድፍ የበረታ ጠላት ያዩ ሰው ነበሩ። መንገድ እንዲሠራ፣ ብረት እንዲቀልጥ፣ የአገራቸው ልጅ ሙያ እንዲማር ጓጉተው ነበር። ሚስዮናውያኑን በጋፋት አሰፈሯቸው፤ የሚማሩ ወጣቶችም ሰጧቸው።

ቀጥሎ ግን ከባዱ ትእዛዝ መጣ፤ መድፍ ሥሩ። ለዚህ አልተማርንም ቢሉም ንጉሡ አልተቀበሏቸውም። ሞከሩ፣ ከሸፈባቸው፣ ደግመው ሞከሩ፤ በመጨረሻም ተሳካላቸው። ነቢዩ ኢሳይያስ ሰይፍ ማረሻ ስለሚሆንበት ቀን ተናግሯል። ኢዩኤል ደግሞ ማረሻ ሰይፍ ስለሚሆንበት ቀን ተናግሯል። በጋፋት የሆነው የኢዩኤሉ ነው። ወንጌል ይዞ የመጣው እጅ መድፍ አቀለጠ። ፊደል ሊቆጥር የመጣው ልጅ ወናፍ ነፋ።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ በማንም ላይ ለመፍረድ አንቸኩል። ንጉሡም፣ ሚስዮናውያኑም፣ ልጆቹም የዘመናቸው ጭንቅ ነበረባቸው። ግን አንድ ነገር ልብ እንበል፤ ጦርነት ትምህርት ቤትን የሚያጠፋው በእሳት ብቻ አይደለም። ከእሳቱ አስቀድሞ የትምህርት ቤቱን ዓላማ ይለውጠዋል።

የቀረውን ታሪክ ታውቁታላችሁ። ለንግሥት ቪክቶሪያ የተላከው ደብዳቤ መልስ አጣ፤ አውሮፓውያን ታሰሩ፤ እንግሊዞች በናፒየር መሪነት ጦር ላኩ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። የጋፋት ባለሙያዎች ከነቤተሰቦቻቸውና ከነሠራተኞቻቸው አብረው ተጓዙ። 7 ቶን የሚያህለው ሴባስቶፖል በገደልና በሸለቆ፣ መንገድ እየተቆረጠለት፣ በሰው ጉልበት ተጎተተ። ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በስቅለት ዕለት፣ ከመቅደላ በታች በአሮጌ ሜዳ ውጊያ ሆነ። በጥቂት ሰዓት ውስጥ 700 ያህል ኢትዮጵያውያን ወደቁ። ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት ሁለት ናቸው። የትንሣኤ በዓል በዋለ ማግሥት፣ ሚያዝያ 6፣ ንጉሡ ራሳቸውን ሠዉ። መድፉ እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ አለ፤ ሰው እየሄደ ያየዋል፣ ፎቶ ይነሣበታል። መድፉን ያቀለጡት፣ የጎተቱትና በዙሪያው የወደቁት ወጣቶች ግን ስማቸው ከመድፉ ጋር አልተጻፈም። የነጮቹን ስም በየታሪክ መጽሐፉ እናገኛለን። የብረቱ ስም ሴባስቶፖል እንደ ሆነ እናውቃለን። የልጆቹ እናቶች ምን ብለው ይጠሯቸው ነበር?

የጋፋት ትምህርት ቤት በዚያው ሞተ። ዋልድማየር ከዚህ ከወጣ በኋላ ወደ ሊባኖስ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1873 ብሩማና በምትባል ተራራማ ከተማ ሌላ ትምህርት ቤት መሠረተ። ያ ትምህርት ቤት ዛሬም ያስተምራል። አስተማሪው ያው አንድ ሰው ነው። ብሩማና ልጆቿን የምታስታውስበት ደጅ ቀረላት፤ ጋፋት ግን ደጇ ተዘጋ።

ከመቅደላ እሳት የተረፉ ልጆችም ነበሩ፤ የሦስቱን ላንሣ።

አንደኛው የንጉሡ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ነው። የተወለደው እዚሁ ደብረ ታቦር ነው። በሰባት ዓመቱ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፣ ራግቢ በሚባለው ትምህርት ቤት ተማረ፣ በ18 ዓመቱም እ.ኤ.አ. በ1879 በሊድስ ሞተ። በዊንዘር በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት መታሰቢያ አለው፤ የተጻፈበትም ጌታችን በማቴዎስ 25፥35 እንግዳን ስለ መቀበል የተናገረው ቃል ነው። አገሩን አጥቶ የሞተ ልጅ ነው፤ ግን ስሙ በናስ ላይ ተቀርጿል።

ሁለተኛው ገብሩ ደስታ ነው። ከመቅደላ በኋላ ሚስዮናውያኑ ወደ ኢየሩሳሌም ወሰዱት፤ በዚያም፣ ኋላም በክሪሾና ተማረ። ወደ አገሩ ተመልሶ የጎንደር ከንቲባ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1919 ወደ አሜሪካ ከተላከው የኢትዮጵያ መልእክተኛ ቡድንም አንዱ ነበር። ልጁ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተርና ለፓርላማ የተመረጠች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆነች።

ሦስተኛው ወርቅነህ እሸቴ ነው። ከውጊያው በኋላ አንድ እንግሊዛዊ መኮንን በመቅደላ አግኝቶት ወደ ህንድ ወሰደው። በሚስዮን ትምህርት ቤት አድጎ ሐኪም ሆነ። ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ አገሩ ሲመለስ የገዛ ዘመዶቹ ለይተው አወቁት። በ1917 ዓ.ም. ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሲከፈት የበላይ ተቆጣጣሪ የሆነው ይህ በጦርነት ቤተሰቡን ያጣ ልጅ ነው። እግዚአብሔር ከዐመድ ውስጥ አስተማሪ አወጣ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምንኛ ደስ ባለን! ግን ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ጦርነት እንደ ገና ወደ ትምህርት ቤት መጣ። ጣልያን ሲወርረን በተፈሪ መኮንን፣ በሆለታ የጦር ትምህርት ቤትና በውጭ አገር የተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ወደ አርበኝነት ገቡ። ከእነርሱም መካከል በዶክተር ዓለመወርቅ በየነ የሚመራው የጥቁር አንበሳ ማኅበር ተነሣ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የተማረ ወጣት ሁሉ እየተለቀመ ተገደለ። እንግሊዝ አገር ምሕንድስና ተምረው የተመለሱት የሐኪም ወርቅነህ ሁለት ልጆች፣ ዮሴፍና ብንያም፣ በዚያ እልቂት አለቁ። አባታቸው ያን ጊዜ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። አባትየው በሕፃንነቱ ከጦርነት ተረፈ፤ ልጆቹን ጦርነት ወሰደበት። ከንቲባ ገብሩም በስተርጅና ወደ ጣልያን ተግዘዋል።

አገሪቱ ከድል በኋላ መምህርና መሐንዲስ በፈለገች ጊዜ ያ ትውልድ ጎድሎባት ተገኘች። ትምህርት ቤቱም ቢሆን በደርግ ዘመን ስሙ ተለውጦ እንጦጦ ተባለ። የትምህርት ቤት ስም ሲለወጥ፣ ሮስተሩ ሲጠፋ፣ የቀድሞ መምህራን ሲያልፉ፣ የተማሪው ስም የሚያርፍበት ቦታ ያጣል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለታሪክ ፍቅር ብቻ ብዬ አይደለም። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ከባድ መሣሪያ በደብረ ታቦር ወድቆ ሰዎች ሞተዋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልላችን ስንት ትምህርት ቤት እንደ ተዘጋ፣ ስንት ወንበር ለማገዶ እንደ ተፈለጠ የምታውቁት ናችሁ። ትናንት በአንድ ወንበር የተቀመጡ ልጆች ዛሬ በተለያየ ጎራ ቆመው፣ አንዳንዶቹም በተለያየ ጎራ ወድቀው ይገኛሉ። ለቅሶ ቤት ሄደን እንኳ የማን ወገን ነበር ተብሎ በሹክሹክታ ሲጠየቅ እንሰማለን። ወገኖቼ፣ የክፍል ስም ጥሪ ይህን አይጠይቅም። መምህሩ ስሙን ይጠራል፤ ልጁ አቤት ይላል። በቃ።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የትምህርት ቤቶቻችንን ታሪክ በተማሪዎቻቸው ስም እንጠብቅ። በዚህ ነገር ከጎረቤቶቻችን የምንማረው አለ። እዚሁ በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት፣ የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕቷ ዙር አምባ አሉ። የአብነት መምህራን ከማን እንደ ተማሩ፣ የእርሱም መምህር ከማን እንደ ተማረ እየቆጠሩ ወደ ላይ ይወጣሉ። ጽሕፈት ቤት ሳይኖራቸው፣ በጦርነትና በረሃብ መካከል፣ ሐረጉን በቃል ይዘው እዚህ አድርሰዋል። እኛ ስልክና ኮምፒውተር የያዝን ሰዎች የአሥር ዓመት ተማሪዎቻችንን ስም እንዴት እናጣለን?

የምንሠራው ከባድ አይደለም። መምህር የሆናችሁ፣ የቆየ ሮስተር በመጋዘን አይጥ ሳይበላው ገጹን በስልክ ፎቶ አንሡ። የክፍል ፎቶ ያላችሁ ከጀርባው የእያንዳንዱን ስም ከነአባቱ ጻፉ። የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዎች፣ መዝገባችሁን ውሰዱና ከልጆቹ ማን የት እንዳለ ጠይቁ። የሞተውን ሞተ ብላችሁ፣ ያልተገኘውን አልተገኘም ብላችሁ መዝግቡ። እናቶች ስለ ልጃቸው ሲናገሩ አታቋርጡ፤ ምን ትምህርት ይወድ እንደ ነበር፣ ምን ሊሆን ያስብ እንደ ነበር ጻፉላቸው። ከስሙ አጠገብ የጎራ ስም አትጻፉ። የተማረበትን ክፍልና ዓመት ጻፉ።

ኢያሱ ከዮርዳኖስ አሥራ ሁለት ድንጋይ ያስነሣው ለጌጥ አልነበረም። ልጆች አንድ ቀን እነዚህ ድንጋዮች ምንድን ናቸው ብለው እንዲጠይቁ፣ አባቶችም የሚመልሱት እንዲኖራቸው ነው። የእኛ ልጆች መቅደላ ወጥተው መድፉን ሲያዩ ስለ ንጉሡ ይጠይቃሉ፤ መልካም ነው። ስለ ጋፋት ወናፍ ነፊ ልጆችም እንንገራቸው። ተዘግቶ የሰነበተ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ሲመለሱና ባዶ ወንበር ሲያዩ ደግሞ ማን ይቀመጥበት ነበር ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ያን ጊዜ የምንመልሰው ስም ይኑረን።

በጌታ የተወደዳችሁ፣ መልካሙ እረኛ በጎቹን በየስማቸው እንደሚጠራ በዮሐንስ 10 እናነባለን። ሰው የረሳውን እርሱ አልረሳም። በአሮጌ ሜዳ የወደቀውን፣ በየካቲት የተገደለውን፣ በእኛ ዘመን ከክፍሉ ወጥቶ ያልተመለሰውን ያውቃል። እኛ ስም ስንጽፍ እርሱ የሚያውቀውን እያስታወስን ነው።

አባት ሆይ፣ ልጆቻቸው ላልተመለሱ እናቶች መጽናናትን ስጥ። የተዘጉትን ትምህርት ቤቶች ክፈት። የእኛንም እጅ ከወናፍ ወደ እርሳስ መልስልን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።