ከአምቧዝ እስከ ሸኖንሶ፦ አንዱ በሩ ማዶ የነበረው ግንብ

ፈረንሳይ ሲባል ብዙዎቻችን ፊት ላይ ድቅን የሚለው ፓሪስ ነው፤ ከፓሪስም ያ የብረት ማማ። በእግሩ መሄድ ለሚወድ ሰው ግን እኛ የምንመርጥለት ሌላ ቦታ ነው። ከፓሪስ ወደ ደቡብ ምዕራብ ወረድ ሲሉ ሎዋር የሚባለው ትልቅ ወንዝ ተንጣሎ የሚፈስበት ሸለቆ አለ። ትንፋሽ የሚያሳጥር ዳገት የለበትም፤ ገደልም የለበትም። የወይን ማሳ፣ ጫካ፣ ከነጭ ድንጋይ የተሠሩ ቤቶች፣ እንደገና የወይን ማሳ። ዩኔስኮ የሸለቆውን ሰፊ ክፍል በ2000 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ወደ እኛ መመለስ የፈለገ ሰባት ስምንት ይቀንስ።)

በዚህ ሸለቆ ውስጥ ካሉት መንገዶች አንዱን እንያዝ። ሎዋር ዳር ካለችው ከአምቧዝ ከተማ ተነስተን፣ ጫካውን ወደ ደቡብ አቋርጠን፣ ሼር በሚባለው ሌላ ወንዝ ላይ እስከተሠራው የሸኖንሶ ግንብ ድረስ። ርቀቱ ወደ 15 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጠዋት የተነሳ ሰው ከሰዓት በኋላ ይደርሳል። የቱሪስት መጻሕፍቱ ይህን አገር የነገሥታትና የውሽሞቻቸው አገር ያደርጉታል። አልዋሹም። እኛን የያዘን ግን ሌላ ጥያቄ ነው፦ በዚህ ለስላሳ አገር ማን እንዲያልፍ ተፈቀደለት? ማንስ በሩ ተዘጋበት?

የአምቧዝ ግንብ ከወንዙ በላይ ከፍ ብሎ ተቀምጧል። በ1498 ንጉሥ ሻርል ስምንተኛ እዚሁ ግንብ ውስጥ የኳስ ጨዋታ ለማየት ሲቻኮል ጭንቅላቱን የበር ጉበን መታውና በዚያው ሞተ። (ንጉሥም ቢሆን ዝቅ ካላለ አያልፍም።) ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በ1516 በንጉሥ ፍራንሷ አንደኛ ግብዣ ከጣልያን መጥቶ፣ ከግንቡ በእግር ጥቂት ደቂቃ በሚያስኬድ ቤት ኖሮ፣ በ1519 እዚያው አረፈ። የከተማው ገበያ ዛሬ በአብዛኛው በእርሱ ስም የሚተዳደር ይመስላል። በ1560 ደግሞ ወጣቱን ንጉሥ ከአማካሪዎቹ እጅ ሊነጥቁ ያሴሩ ፕሮቴስታንቶች ተይዘው በዚሁ ግንብ ሰገነት ላይ ተሰቅለዋል። ቱሪስቱ ሎዋርን ፎቶ የሚያነሳው ከዚያው ከፍታ ላይ ነው።

እኛ ግን ብዙ ሰው ቸኩሎ የሚያልፈው ቦታ ላይ እንቁም። በግንቡ የአትክልት ስፍራ ውስጥ 25 ድንጋዮች ተተክለዋል። የአልጄሪያው አሚር አብዱልቃድር ከ1832 ጀምሮ ለአሥራ አምስት ዓመት ገደማ የፈረንሳይን ወራሪ ጦር ሲዋጉ ቆይተው በታኅሣሥ 1847 እጃቸውን ሰጡ። የሰጡትም በቃል ኪዳን ነበር፤ ከነቤተሰባቸው ወደ እስክንድርያ ወይም ወደ አካ እንዲሄዱ ቃል ተገብቶላቸው። መርከቡ ግን የወሰዳቸው ወደ ፈረንሳይ ነው። ቱሎን አሰሯቸው፣ ከዚያ ፖ ወሰዷቸው፣ በ1848 መጨረሻ ላይ ወደ አምቧዝ አመጧቸው። ቃሉን የሰጠው መንግሥት በ1848 አብዮት ወደቀ፤ ቀጥሎ የመጣው ደግሞ «እኔ አልማልኩም» ባይ ሆነ። አራት ዓመት! ሴት፣ ሕፃን፣ አገልጋይ ሳይለይ አብረዋቸው ከመጡት ሰዎች አንዳንዶቹ ከለመዱት ፀሐይ ርቀው በዚያ ቀዝቃዛ የድንጋይ ግንብ ውስጥ አለቁ። 25ቱ ድንጋዮች የእነርሱ መታሰቢያ ናቸው።

በጥቅምት 1852 ሉዊ ናፖሊዮን ራሱ አምቧዝ ድረስ መጥቶ ነፃነታቸውን ነገራቸው። አሚሩ ወደ ቱርክ፣ ኋላም ወደ ደማስቆ ሄዱ። በ1860 ደማስቆ ውስጥ በክርስቲያኖች ላይ እልቂት ሲነሳ በሺዎች የሚቆጠሩትን አስጠልለው ያተረፉት እኒሁ እስረኛ ናቸው፤ ፈረንሳይም ትልቁን የክብር ኒሻኗን ሰጠቻቸው። ነገሩ እዚያ ላይ አልተቋጨም። አምቧዝ በየካቲት 2022 ለአሚሩ የብረት ሐውልት ልታስመርቅ ስትዘጋጅ፣ ምርቃቱ ከመድረሱ በፊት ሰዎች መጥተው ሐውልቱን አበላሹት። ምርቃቱ ግን አልቀረም።

ከተማውን ለቀን ወደ ደቡብ ስንሄድ ጫካው አፋፍ ላይ አንድ የማይጠበቅ ነገር ይጠብቀናል፦ 44 ሜትር ቁመት ያለው፣ ባለ ሰባት ደርብ፣ የቻይና ማማ የሚመስል ሕንፃ። ሽዋዘል የሚባል መስፍን በ1770 ከሉዊ አሥራ አምስተኛ ተጣልቶ ከቤተ መንግሥት ሲባረር ወደ ርስቱ እዚህ መጣ። ወዳጆቹ ንጉሡን ሳይፈሩ ሊጠይቁት ስለመጡ፣ ለውለታቸው ማስታወሻ ብሎ አሠራው። የራሱ ግንብ በ1823 ፈርሷል፤ የወዳጆቹ ማስታወሻ ቆሟል። እንዲህ ያለ ግዞት ለጠላትም አይከፋም፤ የአሚሩን ካየን በኋላ በተለይ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጫካ ነው። ስለ ጫካው የምንለው ብዙ የለም፤ ዝም ብሎ መሄድ ነው።

ሸኖንሶ ስንደርስ ግንቡ ከወንዙ ዳር ሳይሆን ወንዙ ውስጥ ቆሞ እናገኘዋለን። ቶማ ቦይዬ የሚባል የንጉሡ የገንዘብ ሹም ከ1513 ጀምሮ በአሮጌ ወፍጮ መሠረት ላይ አሠራው፤ ሹሙ ወደ ጣልያን ዘመቻ ሲመላለስ ሥራውን የመራችው ሚስቱ ካትሪን ብሪሶኔ ናት። በ1547 ንጉሥ ሄንሪ ሁለተኛ ግንቡን ለውሽማው ለዲያን ደ ፕዋቲዬ ሰጠ። እርሷ ደግሞ ከግንቡ እስከ ማዶ ድልድይ ዘረጋች። ሄንሪ በ1559 በጉግስ መሳይ የፈረስ ግጥሚያ ዓይኑን ተወግቶ ሲሞት ሚስቱ ካትሪን ደ ሜዲቺ ውሽማዋን በሌላ ግንብ ለውጣ አስወጣቻት። ከዚያም በድልድዩ ላይ 60 ሜትር የሚረዝም አዳራሽ ሠራችበት። የውሽማዋ ድልድይ፣ የሚስቲቱ አዳራሽ፤ አንዱ በአንዱ ላይ። በየመጽሐፉ የሚደጋገመው ይኸው ነው፤ ደግሞም ያምራል።

እኛ ግን አዳራሹን እስከ ጫፉ እንሂድ። መጀመሪያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቤቱን የያዘው የሜኒዬ ቤተሰብ፣ ያ የቸኮላት ነጋዴ፣ አዳራሹን በራሱ ወጪ ሆስፒታል አደረገው፤ እስከ 1918 መጨረሻ ድረስ 2,254 ቁስለኞች ታክመውበታል። አልጋው የተዘረጋው ካትሪን ድግስ በደገሰችበት ወለል ላይ ነው።

ቀጥሎ 1940 መጣ። ሰኔ 22 ቀን ፈረንሳይ ከሂትለር ጋር የተኩስ አቁም ፈረመች። (በዚያው ወር፣ በ10ኛው ቀን፣ ሙሶሊኒ በፈረንሳይና በእንግሊዝ ላይ ጦርነት አወጀ። ለእኛ አርበኞች እንግሊዝን አጋር ያደረገላቸው ይኸው ውሳኔ ነው።) አገሩ ለሁለት ተከፈለ። ሰሜኑና የምዕራቡ ዳርቻ ጀርመን የያዘው፣ ደቡቡ የማርሻል ፔታን የቪሺ መንግሥት የሚያስተዳድረው። ድንበሩ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ያለ ጀርመን የይለፍ ወረቀት ማለፍ አይቻልም። ደብዳቤ እንኳ ተከልክሎ ሰው የሚጻጻፈው አስቀድሞ በታተመ ካርድ ነበር፦ «ደህና ነው»፣ «ታሟል»፣ «ሞቷል»፣ «ታስሯል» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ላኪው የማይመለከተውን ሰርዞ ይልካል። እናት የልጇን ወሬ በስረዛ ታነበው ነበር።

በዚህ አካባቢ ድንበሩ ሼር ወንዝ ነበር። ሰሜኑ ዳር የጀርመን፣ ደቡቡ ዳር «ነፃ»። የሸኖንሶ ዋና በር በሰሜን፣ የአዳራሹ የጫፍ በር ደግሞ በደቡብ ዳር ነው። ወንዙ ላይ ጀልባ የያዘ ገበሬ፣ ጥልቀቱን የሚያውቅ ዓሣ አጥማጅ በሌሊት ሰው ያሻግር ነበር። ከአሻጋሪዎቹ አንዳንዱ በነፃ፣ አንዳንዱ በገንዘብ ነበር። በአዳራሹ በርም ሰዎች ወደ ማዶ ወጥተዋል። ድልድዩን የዘረጋችው ዲያን ይህን አላሰበችም፤ አዳራሽ የሠራችበት ካትሪንም እንዲሁ።

ማዶው ግን ምን ያህል ነፃ ነበር? ይህን ሳንጠይቅ መመለስ አይገባም። የቪሺ መንግሥት አይሁዶችን ከሥራ የሚያግድ ሕግ ያወጣው በጥቅምት 1940 ነው። በሐምሌ 1942 ፓሪስ ውስጥ የፈረንሳይ ፖሊስ አይሁዶችን በጅምላ ሲያፍስ የተረፉት ወደዚህ ድንበር ሸሹ። በነሐሴ ደግሞ ቪሺ ራሱ ከ«ነፃው» ክልል የውጭ አገር አይሁዶችን ሰብስቦ ለጀርመን ማስረከብ ጀመረ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 10,000 ሰው። በዚያች በር ያለፈ ሰው የገዛው ጥቂት ጊዜ ነው። ለአንዳንዱ በቂ ሆነለት፤ ወደ ስፔን ወይም ወደ ገጠር ቤተሰብ እስኪደርስ። ለሌላው አልሆነለትም። በኅዳር 11 ቀን 1942 ጀርመኖች ደቡቡንም ያዙ፤ በመጋቢት 1943 የድንበሩ ፍተሻ ተነሳ፤ የሚጠበቅ ማዶ አልነበረምና።

ዛሬ ወደ ሸኖንሶ የሚሄድ ሰው ሁሉ የሚሰለፈው በሰሜኑ በር ነው። አዳራሹ ግን ከደቡቡ ዳር፣ ወንዙን ይዞ ከሚሄደው የእግር መንገድ ላይ ሲያዩት የበለጠ ያምራል፤ ሰውም ያን ያህል አይበዛበትም።