«ባላባት» ማለት አባት ያለው ማለት ነው። ታዲያ አባት የሌለው ማን ነው?

መንዝ ሄዳችሁ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ብትቀመጡ የመጀመሪያዋ ጥያቄ የታወቀች ናት፤ «የማን ልጅ ነህ?» የአባትን ስም መንገር አይበቃም። አያት፣ ቅድመ አያት፣ ከዚያም በላይ ይከተላል። እኔ ይህን ለረጅም ጊዜ እንደ ሰላምታ ነበር የማየው። ኋላ ሲገባኝ የመሬት ጥያቄ ኖሯል።

ቃሉን ራሱን እንየው። «ባላባት» ሲተነተን «ባለ አባት» ነው። መቼም ያለ አባት የተወለደ ሰው የለም። እዚህ ላይ ግን «አባት» የተባለው ወላጅ ሳይሆን መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው ሰው ነው፤ አቅኚ አባት ይሉታል። ትውልድ ቆጥሮ እሱ ዘንድ የደረሰ ርስት ይጠይቃል። ያልደረሰ ዝም ይላል። መንዝ ይህን በወረዳዎቹ ስም ሳይቀር ጽፎታል። ማማ ምድር፣ ላሎ ምድር፣ ጌራ ምድር፤ ሦስቱም በአፈ ታሪክ የአቅኚ አባቶች ስም ናቸው።

ይህ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በላቲን አባት «ፓተር» ይባላል። እንግሊዝኛ ከዚህ ሥር ያልወሰደው የለም። የአባት ውርስ «ፓትሪሞኒ»፣ ባላባቱ «ፓትሪሺያን»፣ ደጋፊው ጌታ «ፓትሮን»፣ ከአባቱ አገር ወጥቶ የሚኖረው «ኤክስፓትሪየት»። በሮም የሸንጎ አባላት «አባቶች» ይባሉ ነበር፤ «ፓትሪሺያን» የሚለውም ከእነሱ የመጣ ነው። አማርኛና ላቲን በዝምድና አይገናኙም። ሁለቱም ግን የአባትን ስም የንብረትና የክብር ስም አድርገውታል።

ልዩነትም አለ። የሮም የዘር ሐረግ በወንድ ብቻ ይቆጠር ነበር። በእኛ ደጋ ርስት በእናትም በኩል ይመጣል። ስሙ «አባት» ይባል እንጂ ሴቲቱም ባለ ድርሻ ነበረች።

ሌላ ዓይነት አባትም አለ፤ ሳይወልድ አባት የሚሆን። ከመርሐቤቴ አጠገብ ከሚዳ የወጡት አቡነ ባስልዮስ በ1951 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆኑ። «አቡነ» በግዕዝ «አባታችን» ነው። «ፓትርያርክ» ደግሞ የ«ፓተር» ዘመድ ከሆነው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። አንድ መነኩሴ በሁለት ቋንቋ አባት ተባሉ፤ በሥጋ ስለወለዱ ሳይሆን እንዲጠብቁ ስለተሾሙ።

እነዚህ ሁለት አባትነቶች፣ የዘሩና የጥበቃው፣ አንድ ላይ የሚታዩበት ቦታ ቢኖር የመንዝ ጓሳ ነው። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ይህ ውርጫም ደጋ የአስቦና የጌራ ልጆች አጽመ ርስት ነበር። አፈ ታሪኩ ሁለቱ አባቶች ድንበሩን በፈረስ ግልቢያ ለዩት ይላል። አስተዳደሩ «ቄሮ» ይባል ነበር፤ በቅርቡ ከሰማነው የወጣቶች ንቅናቄ ጋር እንዳይምታታባችሁ። እያንዳንዱ ወገን አንድ አለቃ ይመርጣል፤ ማዕረጉ «አባ ቄራ» ነው። ሣሩ ለ3 ዓመትና ከዚያም በላይ ይዘጋል። ማንም አያጭድም፣ ማንም ከብት አያሰማራም። ጊዜው ሲደርስ ይከፈታል፤ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። የአቅኚው ልጅ መብት ነበረው። ያው ልጅ ግን ለመጠበቅም ተራ ነበረው።

የዚህ ሥርዓት ኀጢአት ግልጽ ነው። አባት ቆጥሮ መድረስ ያልቻለው ጎረቤት እዚያው ብርድ ላይ ተወልዶ፣ እዚያው አርጅቶ፣ ለጣራው የሚሆን ሣር በመብቱ ማጨድ አይችልም ነበር። ስለዚህ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ሲታወጅ፣ ለዚህ ሰው አዋጁ አባት ሰጠው ማለት ይቻላል። እኔ በዚህ አልከራከርም። ትክክል ነበር።

ነገር ግን ከባላባቱ ጋር አባ ቄራም ሄደ። ጓሳ የሁሉም ሲሆን ጠባቂ አጣ። መብቱ ለሁሉም ተዳረሰ፤ ግዴታው ግን ለማንም አልተሰጠም። የመንዝ ሰው ኋላ ይህን አይቶ ከየቀበሌው ተወካይ የሚቀመጥበት ኮሚቴ አቋቋመ። ሣሩ እንደገና በተራ ይዘጋል፣ በተራ ይከፈታል። ዛሬ ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የምናየው በዚህ ጥበቃ ጭምር ነው። አዲሱ ሥርዓት «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ አይጀምርም።

ይህን የምጽፈው ለጓሳ ሣር ብቻ አይደለም። ዛሬ በየአቅጣጫው «የአባቶቻችን መሬት» የሚል ድምፅ እንሰማለን። ሁሉም አባት ይቆጥራል። ሲቆጥር ግን የሚያነሳው ግማሹን ነው፤ ማን እንደሚገባውና ማን እንደሚወጣ። ሌላውን ግማሽ፣ ማን እንደሚጠብቅ፣ ማንም አይቆጥረውም።

መንዝ በቀላል ቋንቋ መልሶታል። አባትነት በዘር ብቻ ሲሆን ጎረቤትን ያስርባል። ጥበቃው ሲጠፋ ደግሞ መሬቱ ይራቆታል። ከአባቶቻችን አንድ ነገር ብቻ እንውረስ ከተባልን፣ እኔ የምመርጠው የአባ ቄራን ተራ ነው።

ቸር እንሰንብት።