የመጫወቻ ሜዳ ለሕፃናት ኹሉ እንደ ተከፈተ የሚያስረዳ አጭር ታሪክ

ጨዋታ ለሕፃን ሥራ መፍታት ሳይሆን የአካሉና የአእምሮው ትምህርት ነው። ነገር ግን ለሕፃናት ጨዋታ ስፍራ ከልሎ መስጠት ብዙ ዘመን ያላስቈጠረ ልማድ ነው። ከዚህ በታች የተጻፉትም ዓመታት ኹሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ማሪ ዛክርዜውስካ የሚባሉ ሴት ሐኪም በበርሊን ከተማ ሕፃናት በአሸዋ ክምር ሲጫወቱ አይተው፣ ይህንኑ በአሜሪካ አገር ለቦስተን ከተማ በጎ አድራጊዎች ጽፈው አስታወቁ። ስለዚህም በ1885 ዓመት በፓርሜንተር ጎዳና በሚገኝ የጸሎት ቤት ግቢ አሸዋ ተደፋ፤ ልጆችም እየመጡ ይቈፍሩና ይጫወቱ ጀመር። ከዚያም ወዲህ የመጫወቻ ሜዳ በብዙ ከተማ ተስፋፋ፤ በየትምህርት ቤቱም ግቢ መንሸራተቻና ዥዋዥዌ ተተከለ።

ይሁን እንጂ ያ አሸዋ ለአንዱ ልጅ ደስታ ሲሆን ለሌላው ቅጥር ሆነበት። የመንኰራኵር ወንበር በአሸዋ ይሰምጣል፤ ምርኵዝም ይገባበታል፤ መሰላልም እግሩ ላልጸና ልጅ የተዘጋ በር ነው። ስለዚህ ጓደኞቹ ሲሮጡ እርሱ ከዳር ተቀምጦ ይመለከት ነበር። ሰዎችም ምክንያቱን በልጁ ሕመም ያደርጉት ነበር እንጂ በሜዳው አሠራር አያደርጉትም ነበር።

ይህን አሳብ ለማስለወጥ ከደከሙት አንዲቱ እንግሊዛዊት ወይዘሮ ሌዲ አለን ናቸው። በ1970 ዓመት በለንደን በቼልሲ ሰፈር፣ በደብሩ ካህን መኖሪያ አትክልት ስፍራ፣ የአካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች እንደ ማንኛውም ልጅ የሚቈፍሩበትና የሚወጡበት ሜዳ ተከፈተ። ኹለቱም ጅማሬዎች በቤተ ክርስቲያን ይዞታ መሆናቸው ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

የቼልሲው ሜዳ ግን ለእነርሱ ብቻ የተለየ ነበረ፤ ከጓደኞቻቸው ጋራ በአንድነት መጫወት ገና ቀርቶ ነበር። በአሜሪካ በ1990 ዓመት ስለ አካል ጉዳተኞች መብት ሕግ ወጣ። በ2012 ዓመት የጸናውም ደንብ፣ ትንንሽ ስፍራዎች ካልሆኑ በቀር፣ የሜዳው መንገድ ስፋት ከ152 ሳንቲሜትር እንዳያንስ፣ ዳገቱም በ16 ሜትር ርዝመት ከ1 ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ። ከወንበሩ ወደ መጫወቻው የሚሻገሩበትም መደብ ከፍታው ከ28 እስከ 46 ሳንቲሜትር ሆነ። ወለሉም መንኰራኵር እንዲያልፍበት የጸና፣ የሚወድቀውን ልጅ እንዳይጐዳ ደግሞ የለሰለሰ እንዲሆን ታዘዘ።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም በ2006 ዓመት ባጸደቀው ስምምነት በ30ኛው አንቀጽ፣ እነዚህ ሕፃናት በትምህርት ቤት ጭምር ከሌሎች ጋራ እኩል የመጫወት መብት እንዳላቸው ተጻፈ። ኢትዮጵያም ይህን ስምምነት በ2010 ዓመት ተቀበለች።

እንግዲህ የትምህርት ቤት ግቢ የሚያሠራ ሰው ኹሉ፣ ውድ ዕቃ ከመግዛቱ አስቀድሞ፣ ከክፍሉ ደጃፍ እስከ ሜዳው ያለውን መንገድ ይመልከት። ደፉን ዝቅ ማድረግ፣ ድንጋዩን መልቀም፣ ጕድጓዱን መድፈን ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከዳር ተቀምጦ ለነበረው ልጅ ግን ወደ ጓደኞቹ የሚያደርሰው መንገድ ይህ ነው።