ጌጤ ዋሚ፦ በብር የተሸፈነ ወርቅ

ቅኔ የሚወድ ሰው ሰሙን ገልጦ ወርቁን ይፈልጋል። የሩጫ ታሪካችንን ስናነብ ግን ይህን ልማድ እንረሳዋለን፤ ወርቁ ከላይ ካልታየን አልፈን እንሄዳለን። እዚህ ሳንጃ በቡና ላይ የሴት ሯጮቻችን ስም ሲነሣ ደራርቱ ቱሉ ትቀድማለች፤ ይገባታልም። ከእርሷ ቀጥላ የገባችውንስ ስንቶቻችን እናስታውሳለን?

ጌጤ ዋሚ በ1974 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን አጠገብ ባለችው ጫጫ ተወለደች። በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ነሐስ አገኘች። በ2000 በሲድኒ በዚያው ርቀት ከደራርቱ ቀጥላ ብር፣ በ5,000 ሜትር ደግሞ ነሐስ ወሰደች። የኦሊምፒክ ወርቅ ግን አልደረሳትም።

ትዕግሥቷን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየን ከእንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ ጋር የነበራት ፉክክር ነው። በ1999 በሴቪያ የዓለም ሻምፒዮና ፓውላ የ10,000 ሜትሩን አብዛኛውን ዙር ስትመራ፣ ጌጤ ከኋላዋ ሳትለይ ቆይታ በመጨረሻው ዙር አለፈቻት፤ የዓለም ሻምፒዮንም ሆነች። በ2001 በቤልጅየም ኦስተንድ በተደረገው የዓለም አገር አቋራጭ ፓውላ በረጅሙ ርቀት በ3 ሰከንድ ቀደመቻት። በማግሥቱ በአጭሩ ርቀት ጌጤ በ1 ሰከንድ ብድሯን መለሰች።

ሁለቱ በ2007 በኒው ዮርክ ማራቶን ዳግም ተገናኙ። ጌጤ የበርሊንን ማራቶን ለሁለተኛ ጊዜ ካሸነፈች ገና 35 ቀኗ ነበር። እግር ሳያርፍ ዳግም 42 ኪሎ ሜትር መሮጥ ከባድ ፈተና ነው፤ ይሁንና የታላላቅ ማራቶኖች የሁለት ዓመት ድምር ውጤት የሚለየው በዚያ ቀን ነበረና ተሰለፈች። ፓውላ በ2:23:09 አሸነፈች፤ ጌጤ በ2:23:32 ተከተለቻት። ለድምሩ ዋንጫ የምትፎካከራት የላትቪያዋ የሌና ፕሮኮፕቹካ ሦስተኛ ወጣች። በዚያች ቀን በሁለተኛነት የገባችው ጌጤ የሁለቱን ዓመታት ጠቅላላ ድልና የ500,000 ዶላሩን ሽልማት ወሰደች።

በባንክ ሥራዬ እንደማየው፣ ሒሳብ በአንድ ቀን ገቢ አይመዘንም። የሰውም ታሪክ እንዲሁ ነው። ጌጤን በሲድኒው ብር ብቻ የሚያውቃት፣ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ሳያገኝ እንደ ተነሣ የቅኔ አድማጭ ነው።