የቀጨኔ ሰው ሽጉጥ ከየት ይገዛ ነበር?

ዛሬ ትንሽ ይረዝማል፤ ቡና አፍልታችሁ ብታነቡት ይሻላል።

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከቨርጂኒያ ደወለልኝ። የቀጨኔ ልጅ ነው፤ አሁን ማታ ማታ ታክሲ ይነዳል። «ቲቸር፣ ሽጉጥ ልገዛ ነው» አለኝ። ደነገጥኩ። «ምን ሆንክ?» ስለው ምንም እንዳልሆነ፣ ሌሊት ስለሚሠራ ብቻ እንደሰጋ ነገረኝ። መሸጫው ከቤቱ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ፎርም ይሞላል፣ ወንጀል እንደሌለበት በኮምፒውተር ይጣራል፣ ከዚያ ካርዱን አውጥቶ ይከፍላል። ተኩስ መለማመጃው ደግሞ እዚያው ጎን ነው፤ የጆሮ መከለያ ሰጥተው፣ ወረቀት ላይ የተሳለ ሰው ሰቅለው፣ በሰዓት ያስከፍላሉ። ይህን ሁሉ ከነገረኝ በኋላ ሳቀና «እኛ ሰፈር ቢሆን ግን ሰው ከየት ይገዛ ነበር?» አለኝ።

እሱ ለቀልድ ነው የጠየቀኝ፤ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። እናማ የምጽፈው ለእሱ ነው፤ እናንተም ስሙት።

ከቃሉ ልጀምር። ሽጉጥ ማለት የተሸጎጠ ማለት ነው፤ በቀበቶ ሥር፣ በጋቢ ሥር የሚደበቅ። ጠመንጃ የምንለው ቃል ግን የመጣው ከቱርክኛው «ታባንጃ» ነው። ቱርኮች ዛሬም ታባንጃ የሚሉት ሽጉጥን ነው። የእነሱ ሽጉጥ እኛ ጋ ሲደርስ ረዝሞ ጠመንጃ ሆነ ማለት ነው። ይህቺን ቱርክ ያዙልኝ፣ መጨረሻ ላይ እንመለስባታለን።

በአገራችን ታሪክ በጣም የታወቀው ሽጉጥ የአፄ ቴዎድሮስ ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ ለቆንስላቸው ለፕላውደን ስለተደረገው መልካም ነገር ምስጋና ብላ ስሟን አስቀርጻ የላከችው ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ እንግሊዞች በሩን ሰብረው ሲገቡ ንጉሡ ራሳቸውን ያጠፉት በዚሁ በተሰጣቸው ሽጉጥ ነው። ክፍል ውስጥ ይህን ስናገር ሁሌ ፀጥታ ይሆን ነበር። የእንግሊዝ ጦር ይዞት የመጣው ስናይደር የሚባለው ጠመንጃ ደግሞ ሰናድር ተብሎ በእኛው አፍ ቀረ።

በነገራችን ላይ የጠመንጃ ስሞቻችን ራሳቸው የታሪክ መጽሐፍ ናቸው። ውጅግራ ከፈረንሳዩ «ፉዚ ግራ»፣ ለበን ከለቤል፣ አልቢን ከአልቢኒ፣ ራሚንግቶን እንዳለ ከአሜሪካ። አያቶቻችን አውሮፓን በካርታ አላዩትም፤ የአውሮፓን ፋብሪካዎች ግን በስም ይጠሩ ነበር።

አሁን ወደ ቀጨኔ እንምጣ። ቀጨኔ መድኃኔዓለም ግቢ ቆማችሁ ወደ ሰሜን ቀና ብትሉ እንጦጦን ታያላችሁ። በ1879 ዓ.ም. እዚያ ጋራ ላይ አንድ የከሰረ የጦር መሣሪያ ነጋዴ ወጥቶ ነበር፤ አርቱር ራምቦ የሚባል ፈረንሳዊ። አዎ፣ ገጣሚው ራምቦ። ግጥሙን በወጣትነቱ ትቶ ነጋዴ ሆነ። ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጉ፣ በአውሮፓ ጊዜያቸው ያለፈባቸው ጠመንጃዎች በግመል ጭኖ ከታጁራ በአዳል በረሃ ወራት ተጉዞ አንኮበር ደረሰ። ሸሪኩ ከመነሻው ሞቶበታል። ምኒልክ የሉም፤ ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ሐረርን ይዘዋል። ሲመለሱ እንጦጦ ላይ አገኛቸው። ንጉሡ ዕቃውን በጅምላ፣ በራሳቸው ዋጋ ወሰዱ፤ የሟቹ ሸሪክ ዕዳ ነው ብለውም ብዙ ቀነሱበት። የቀረውንም በእጁ አልሰጡትም፤ ሐረር ሂድና ከመኮንን ተቀበል ብለው ወረቀት ጻፉለት። ፈረንሳዊው ዕድሜ ልኩን አማረረ። እኔ ግን እላችኋለሁ፣ በዚያ ዘመን አውሮፓዊ የመሣሪያ ነጋዴን በገበያ ያሸነፈ የአፍሪካ ንጉሥ ብዙ የለም።

የምኒልክ ገበያ ይህ ብቻ አልነበረም። አንቶኔሊ የሚባለው ጣሊያናዊ፣ ሼፍኔ የሚባለው ፈረንሳዊ፣ አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን (የ«ሰርኪስ ባቡር» ባለቤት፣ መንገድ መዳመጫውን ያመጣው) ሁሉም መሣሪያ አቅርበዋል። ክፍያው በዝሆን ጥርስ፣ በወርቅ፣ በዝባድ ነበር። አውሮፓውያን በ1882 ዓ.ም. ብራስልስ ላይ ተሰብስበው ለአፍሪካ ዘመናዊ መሣሪያ እንዳይሸጥ ተስማሙ፤ ፈረንሳይ በጅቡቲ በኩል ዓይኗን ጨፈነች፤ ጣሊያንም ራሷ የሸጠችው መሣሪያ ዓድዋ ላይ ተመልሶ ተተኮሰባት።

ተራው የቀጨኔ ሰው ግን ከዚህ ገበያ ምን ደረሰው? እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚመረኝ።

ጠመንጃው የንጉሡ ነበር። ከግምጃ ቤት ይወጣል፣ ተቆጥሮ ለጭፍራ ይሰጣል፣ ጭፍራው ሲሞት ወይ ሲሻር ይመለሳል። ቀጨኔ ደግሞ የጭፍራ ሰፈር አልነበረም። የሸክላ ሠሪ፣ የሸማኔ፣ የቀጥቃጭ ሰፈር ነው። አባቶች እንደሚያወሩት ከሰሜን ሸዋ ለእንጦጦ ቤተ መንግሥትና ለቤተ ክርስቲያን ሥራ የመጡ ባለሙያዎች ናቸው ያቀኑት። እነዚህ ሰዎች ብረት ያቀልጣሉ፣ ማረሻ ይሠራሉ፣ የተሰበረ ይጠግናሉ። ጠመንጃ የያዘ ጌታ መሣሪያው ሲነክስበት ወደማን ይሄዳል? ወደ ቀጥቃጭ። የጠገነለትን እጅ ግን ሊጨብጠው አይፈልግም፤ «ቡዳ ነው» ይለዋል። መሬት አይሰጠውም፣ ልጁን አያገባም። ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ መድፍ ሲያሠሩ ስማቸው የተጻፈው ጀርመኖቹ ናቸው፤ አብረዋቸው የወናፍ ጭስ የጠጡት ያገሬው ባለሙያዎች ስም ግን የለም። መሣሪያ እንድንወድ ፉከራው አስተማረን፣ መሣሪያ የሚሠራውን ሰው እንድንንቅም ያው ፉከራ አስተማረን። ይህን ለሠላሳ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ፣ አሁንም እጽፈዋለሁ።

ጥይት ግን ሁሉ ሰው ጋ ይደርስ ነበር። በምኒልክ ዘመንና ከዚያም በኋላ በደቡብና በምዕራብ ገበያዎች ጥይት እንደ ሳንቲም ይሠራ ነበር። ማርትሬዛ ብሩ ትልቅ ገንዘብ ነው፤ ለጨውና ለበርበሬ ግን መልስ የሚሆነው የግራ ጥይት ነበር። አስቡት፣ ሴትየዋ ዶሮ ሸጣ ጥይት በመቀነቷ ቋጥራ ትገባለች።

ሕጉ የመጣው በውጭ በር ነው። በ1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ወደ መንግሥታቱ ማኅበር ስትገባ የመሣሪያ ንግድን እንድትቆጣጠር ቃል አስገቧት። በነሐሴ 1922 ዓ.ም. ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣሊያን ጋር የመሣሪያ ማስገቢያ ውል ተፈረመ። ወረቀቱ ጥሩ ነበር፤ ግን ጣሊያን ሲመጣብን በገለልተኝነት ስም መሣሪያ የከለከሉን እነዚያው ፈራሚዎች ናቸው። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከተማዋን ለቀው ሲወጡ የቤተ መንግሥቱ ግምጃ ቤት በሕዝብ እጅ ወደቀ። ለብዙ የአዲስ አበባ ሰው የመጀመሪያው መሣሪያ ያኔ የተገኘ ነው፤ ዋጋውም ሮጦ መድረስ ብቻ ነበር። በዚያው መሣሪያ ከተማው ተዘረፈ፣ ተቃጠለ፤ ከፊሉ ደግሞ ይዞት ወደ አርበኝነት ወጣ። ሁለቱም እውነት ነው።

ጣሊያን ሲወጣ ደግሞ የጣሊያን መሣሪያ ቀረ። ቤሬታ የሚባለው ትንሽ ሽጉጥ በከተማው በየቤቱ ገባ። የአባቴም እሱ ነበር።

አባቴ አናጢ ነው። በአርባዎቹ መጨረሻ ከአንድ አርበኛ ጎረቤት ገዛው፤ በስንት እንደሆነ አልነገረንም፣ እናቴ ግን «የሁለት በሬ ዋጋ» እያለች እስክትሞት ትነተርከው ነበር። ፈቃድ አውጥቶበታል። የተኩስ ልምምድ ያልከኝ ልጄ፣ የአባቴ ልምምድ ይህ ነበር፦ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለዘመን መለወጫ፣ እንጦጦ ባሕር ዛፉ ውስጥ ወጥቶ ሁለት ጥይት ይተኩሳል። አንዷን ለዒላማ፣ አንዷን ለደስታ። ከዚያ ዘይት ቀብቶ በቆዳ ማህደሩ ይከተዋል። እኔ አንድ ቀን እንኳ አላስነካኝም።

ለምን ገዛው? ይህን ብዙ አስቤበታለሁ። ሌባ ፈርቶ አይመስለኝም፤ ቤታችን የሚሰረቅ ነገር አልነበረውም። የባለ እጅ ልጅ ነው፣ አባቱ የጌቶችን ጠመንጃ ሲጠግን አድጎ ራሱ ግን ይዞ መቆም ያልተፈቀደለት። በበዓል ቀን ካፖርቱን ከፈት አድርጎ ሲሄድ አይቼዋለሁ።

መጋቢት 1969 ዓ.ም. መጣ። የአሰሳው ጊዜ። በየቤቱ እየዞሩ መሣሪያ፣ ወረቀት፣ የጽሕፈት መኪና የሚፈልጉበት፤ ዕድሜው የደረሰ ይገባዋል፣ ብዙ ወጣት ወጥቶ ያልተመለሰበት ነው። ከዋዜማው ሌሊት እናቴ እንስራ አዝላ ወደ ወንዝ ወረደች። ያን ሰዓት ውኃ የሚቀዳ የለም። እኔ ነቅቼ አይቻታለሁ፤ ማንም አልጠየቃትም። በማግስቱ መጡ። ሽጉጡን አላገኙም፤ ማህደሩን ግን ከሣጥን ሥር አገኙት። «ይዘቱ የታለ?» አሉት። አባቴ በእውነት አያውቅም ነበር። እናቴ ሆን ብላ ነው ያልነገረችው፤ ቢደበደብ የሚናገረው እንዳይኖር። አሥራ አንድ ቀን አስቀመጡት። ሲወጣ አንድ ጆሮው አይሰማም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሃያ ስድስት ዓመት ኖረ። ሽጉጡን የት እንዳደረገችው አንድ ቀን አልጠየቃትም። እሷም አልነገረችውም።

ግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ገበያ ሆነ። የተበተነው ሠራዊት ክላሹን ለዳቦና ለመሳፈሪያ ይሸጥ ነበር። ሰፈራችን ውስጥ አንድ ወታደር ደጃችን ቁጭ ብሎ ውኃ ለመነ፤ እናቴ ውኃም እንጀራም ሰጠችው። ሊሄድ ሲል መሣሪያውን አስቀምጦ «እማማ፣ ይቺን ያዙልኝ» አላት። «ውሰድልኝ ልጄ፣ እኔ ወንዝ ድረስ የምሸከምበት ጉልበት የለኝም» አለችው። አባቴ በዚያኛው ጆሮው ሰምቶ ይሁን አይሁን እንጃ፣ ቀና ብሎ አላየም።

ዛሬስ? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የመሣሪያ ሕገ ወጥ ዝውውርን ይቀጣል፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 1177 ወጣ። ያለ ፈቃድ መያዝም መሸጥም ወንጀል ነው፤ ቁጥጥሩ የፌዴራል ፖሊስ ነው። ቨርጂኒያ እንዳለው መስታወት ያለው ሱቅ፣ በሰዓት የሚከራይ መለማመጃ ግን ቀጨኔ አታገኝም። ያለው የጨለማው ገበያ ነው፤ በነዳጅ ቦቴ፣ በእህል ጆንያ ሥር እየተደበቀ የሚገባው። በፖሊስ ዜና «ኢኮልፒ» ሲባል የምትሰሙት የቱርክ ሥሪት ነው። ኩባንያው ድምፅ ብቻ እንዲያሰማ ነው የሚሠራው፤ ከዚያ በየጓዳው ተበስቶ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩስ ይደረጋል። ለዚያ ግፊት ያልተሠራ ብረት ስለሆነ የተኳሹን እጅ ይዞ ሊፈነዳ ይችላል። ታባንጃ ዳግመኛ መጣችላችሁ፤ ያኔ በስም፣ አሁን በአካል።

እንግዲህ ልጄ፣ ግዛ ወይም አትግዛ አልልህም፤ አንተ ያለህበትን ሌሊት እኔ አላውቀውም። ከገዛህ ግን ለሚስትህ የት እንደምታስቀምጠው ንገራት፣ ቁልፉ ልጆችህ እጅ እንዳይገባ አድርግ፣ ያንን መለማመጃም አትዝለለው። ሁለት ጥይት በዓመት አይበቃም።

ማህደሩ አሁን እኔ ጋ ነው። አሳሾቹ ባዶ ስለነበር ጥለውት ሄዱ። ቆዳው ደርቋል፣ ቁልፉ ግን ይሠራል፤ እናቴ መቀስ ታስቀምጥበት ነበር፣ እኔም መነጽሬን። የሰፈሬ ልጆች፣ በየቤታችሁ የድሮ የመሣሪያ ፈቃድ ወረቀት፣ ዝናር ወይም የአያት ፎቶ ካለ ፎቶ አንስታችሁ እታች አስቀምጡልኝ። በተለይ የቀጥቃጭ ቤተሰቦች፤ የማን አያት የማንን ጠመንጃ እንደጠገነ በስም መጻፍ እፈልጋለሁ።